ብሉፍና ችሎታ በማጂክ ካርድ ጨዋታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚጀምሩ ሐበሾች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማጂክ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ከምናውቀው ካርታ በምን ይለያል?

ቤት ውስጥ የምንጫወተው ካርታ ለሁሉም አንድ ነው። አንዱ ይበውዛል፣ ያድላል፣ ሁሉም ከአንድ ክምር ይስባል። በማጂክ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርዶች ይዞ ይመጣል። ከብዙ ሺህ ካርዶች መካከል ራሱ መርጦ ቢያንስ 60 ካርድ ያለው ክምር ይሠራል፣ ይሄ ክምር ዴክ ይባላል። ካርዶቹ የሚሸጡት በታሸገ ፓኬት ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታዩ ትገዛላችሁ፣ ያልፈለጋችሁትን ከጓደኛ ጋር ትለዋወጣላችሁ። ጨዋታውን የፈጠረው በሒሳብ ዶክትሬቱን የሠራው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የሚባለው ድርጅት በ1993 ለገበያ አወጣው።

አጨዋወቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። እያንዳንዱ በ20 ሕይወት ይጀምራል፣ 7 ካርድ ይስባል። ላንድ የሚባሉት ካርዶች ማና ይሰጣሉ፣ የሌሎቹ ካርዶች ዋጋ የሚከፈለው በማና ነው። ክሪቸሮች፣ ፍጡራን ማለት ነው፣ ያጠቃሉ፣ ያግዳሉ። ስፔሎች አንድ ጊዜ ሠርተው ያልቃሉ። የሌላውን ሕይወት ቀድሞ ዜሮ ያደረሰ ያሸንፋል።

ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ፊታችሁ ነው፣ የሚደበቅ ነገር የለም፣ ቆጥሮ አርቆ ያየ ያሸንፋል። እዚህ ግን ተጋጣሚያችሁ እጅ ላይ ያለውን አታዩም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመጡት ከዚች አንድ ነገር ነው።

ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

ሁለቱም አለበት። አንድ ጨዋታ ብቻ ካያችሁ ዕድል ይመስላል፣ እውነትም ብዙ ዕድል አለው። ከመሠረታዊዎቹ ላንዶች በስተቀር አንድን ካርድ ዴክ ውስጥ ከ4 በላይ ማስገባት አይፈቀድም። ከ60ው ውስጥ 4 ካስገባችሁ በመጀመሪያው 7 ካርድ ላይ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ነው። ሦስት ካርድ ጨምራችሁ ስትስቡ 53 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እና ዴኩን በሙሉ የሠራችሁለት ካርድ ግማሽ ያህሉን ጊዜ በምትፈልጉት ሰዓት የለም ማለት ነው። ላንድ አልመጣ ብሎ እጃችሁ ሙሉ ካርድ እያለ ቁጭ ብላችሁ የምትሸነፉበት ቀንም አለ። ያ ቀን ያማል።

ብዙ ጨዋታ ሲደመር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጀርመናዊው ካይ ቡደ ፕሮ ቱር የሚባለውን ትልቁን ውድድር 7 ጊዜ አሸንፏል። አሜሪካዊው ጆን ፊንክል በ1998 ኒውዮርክ ላይ አሸነፈ፣ በ2000 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2008 ደግሞ ኩዋላ ላምፑር ላይ እንደገና ዋንጫ ወሰደ። በመቶ የሚቆጠር ጎበዝ በሚሰለፍበት ቦታ አንድ ሰው በዕድል ብቻ 7 ጊዜ አይወጣም። ችሎታው ዴክ መሥራት ላይ አለ፣ መጥፎ እጅ መልሶ ለመበወዝ መድፈር ላይ አለ፣ የትኛውን ካርድ መቼ እንደምታወጡ ላይ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያላያችሁትን ካርድ መገመት ላይ አለ።

ብሉፍ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

የሌላችሁን ካርድ እንዳላችሁ አድርጎ መጫወት ነው። አንዳንዴም ተቃራኒው፣ ያላችሁን እንደሌላችሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ አለ።

ጃያንት ግሮውዝ የሚባል የአረንጓዴ ካርድ አለ፣ ከመጀመሪያው ከ1993 ጀምሮ የነበረ። በአንድ አረንጓዴ ማና አንድን ክሪቸር እስከ ተራው መጨረሻ ድረስ በ3/3 ያሳድገዋል። አሁን እናንተ አንድ 2/2 አላችሁ እንበል፤ 2 ይመታል፣ 2 ከተመታ ይሞታል። ተጋጣሚያችሁ 3/3 አለው። እናንተ በ2/2ቱ ታጠቃላችሁ። አንድ ያልተነካ ፎረስት፣ ማለትም ማናው ገና ያልተከፈለበት የአረንጓዴ ላንድ፣ አላችሁ፤ እጃችሁ ላይ አንድ ካርድ አለ።

ተጋጣሚው ማሰብ ይጀምራል። «ይሄ ሰው ክሪቸሩን በከንቱ አያስገድልም፣ ጃያንት ግሮውዝ ይዟል።» ካገደና ካርዱ ካለ 3/3ቱን ያጣል። ካላገደ ከ20ው ላይ 2 ሕይወት ብቻ ያጣል። ስለዚህ «ይለፍ» ይላል። እጃችሁ ላይ የነበረው ግን ሌላ ላንድ ነው። በቃ፣ ብሉፍ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ የሠራው እናንተ ጎበዝ ተዋናይ ስለሆናችሁ አይደለም። ተጋጣሚያችሁን ማመኑ ብዙ ስለማያስከፍለው ነው። ሕይወቱ 2 ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጃያንት ግሮውዝ ኖራችሁም አልኖራችሁም ያግድ ነበር፣ ምርጫ የለውማ። ስለዚህ ብሉፍ ከማድረጋችሁ በፊት ፊታችሁን አታስቡ፤ «እኔን ማመን ስንት ያስከፍለዋል?» ብላችሁ አስቡ።

ይሄ ውሸት አይደለም እንዴ? ይፈቀዳል?

ወላጆች በተለይ ይሄን ይጠይቁኛል፣ «ልጄን ውሸት እያስተማረው ነው ወይ» ብለው። እኔ ሁልጊዜ ፔናልቲን አነሳለሁ። መቺው ወደ ግራ አይቶ ወደ ቀኝ ሲመታ ውሸታም የሚለው የለም። በረኛውም ያውቃል፣ መቺውም ያውቃል፣ ጨዋታው ያ ነው።

ግን ድንበር አለው፣ ድንበሩም ጥብቅ ነው። በውድድር ላይ ሁሉም በሚያየው ነገር መዋሸት ክልክል ነው። የሕይወት ቁጥራችሁን፣ ሜዳ ላይ ያለውን፣ እጃችሁ ላይ ስንት ካርድ እንዳለ አሳስታችሁ መናገር ማጭበርበር ነው፣ ከውድድር ያስባርራል። እጃችሁ ላይ ያለው ካርድ ምን እንደሆነ ግን የናንተ ምስጢር ነው፤ ስለሱ የፈለጋችሁትን ብትሉ ሕጉ አይነካችሁም። ለማስጨነቅ ብሎ ሆን ብሎ ጊዜ መግደልም አይፈቀድም።

ሕጉ ይሄን ድንበር እንዴት እንደሚጠብቀው የሚያሳይ አንድ የምወደው ነገር አለ። በ2002 ኦንስሎት ከሚባለው ስብስብ ጋር ሞርፍ የሚባል ነገር መጣ። 3 ማና ከፍላችሁ ካርዱን ገልብጣችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም፣ 2/2 ብቻ ነው። በኋላ ዋጋውን ከፍላችሁ ትገልጡታላችሁ። ኤግዛልትድ ኤንጅል የምትባለዋ በ4ኛው ተራ ተገልጣ 4/5 የምትበር ፍጡር ትሆናለች። አንዳንዱ የተገለበጠ ካርድ ግን ምንም አይረባም። እና ተራ ላንድ ገልብጦ «ሞርፍ ነው» የሚል እንዳይኖር፣ ጨዋታው ሲያልቅ የተገለበጠ ካርዳችሁን ማሳየት ግዴታ ነው። ማስመሰል ይቻላል፣ ማጭበርበር አይቻልም።

እኔ በበኩሌ በአፌ አልዋሽም። «ካርዱ አለኝ» ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ሕጉ ስለሚከለክል አይደለም፣ በእጅ የተሠራ ብሉፍ በአፍ ከተሠራው የበለጠ ስለሚታመን ነው።

እንደ ፖከር ፊቴን ድንጋይ ማድረግ አለብኝ?

ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው የሚጠቅመው። አብዛኛውን ሰው የሚያጋልጠው ፊቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ካርድ ስቦ ወዲያው ላንዶቹን የሚቆጥር ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነገር መጥቶለታል። ተጋጣሚው ስፔል ሲያወጣ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው የሚመልስበት ነገር ይዟል፤ ምንም የሌለው ሰው «እሺ» ለማለት አይዘገይም። መድኃኒቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ፍጥነት መያዝ ነው። ኖራችሁም አልኖራችሁም ለሁለት ሰከንድ ሜዳውን እዩ፣ ከዚያ መልሱ። በሌላው ተራ ላይ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ «እንዲህ ካደረገ እንዲህ አደርጋለሁ» ብላችሁ።

ይሄን የተማርኩት ሳልፈልግ ነው። በ1997 ሜሪላንድ ትምህርት ቤት ስገባ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ካፊቴሪያ ውስጥ ማጂክ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፣ አንዱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ግማሹን አላነበውም ነበር። እና እያንዳንዱን ካርድ፣ የራሴንም የነሱንም፣ እኩል ረጅም ጊዜ አየው ነበር። ልጆቹ እጄ ላይ ምን እንዳለ መገመት አቃታቸው። ዘዴ አልነበረም፣ ቋንቋ ነበር። ቋንቋው ሲገባኝ ግን ያን ዝግታ ጠበቅኩት።

ለጀማሪ ቀላሉ ብሉፍ የቱ ነው?

ላንድ እጅ ላይ ማስቀረት። ለዴካችሁ የሚበቃ ላንድ ካወጣችሁ በኋላ፣ 5 ወይም 6 ይሁን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አታውጡ፣ ያዙት። ባዶ እጅ ያለውን ሰው ማንም አይፈራም። አንድ የማይታወቅ ካርድ የያዘውን ግን ሁሉም ይፈራል፣ ያ ካርድ ተራ ስዋምፕ ቢሆንም። ምንም አያስከፍላችሁም፤ ስለዚህ ጀማሪ ከዚህ ይጀምር።

ሁለተኛው ሁለት አይላንድ፣ ሰማያዊ ማና የሚሰጡ ላንዶች ማለት ነው፣ ሳይነኩ መተው ነው። ካውንተርስፔል የሚባለው ካርድ በሁለት ሰማያዊ ማና ማንኛውንም ስፔል ያከሽፋል፣ እና ሁለት ያልተነካ አይላንድ ያየ ሰው ያን ያስባል። ግን ተጠንቀቁ። በዚያ ማና የምታወጡት ጥሩ ካርድ እያላችሁ ለማስመሰል ብላችሁ ከተዋችሁት ለብሉፉ ትልቅ ዋጋ ከፍላችኋል። ጀማሪዎች በብሉፍ ፍቅር ተይዘው የራሳቸውን ጨዋታ ሲያበላሹ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ማናውን የምታውሉበት ከሌላችሁ ግን በነጻ ነው፣ አስመስሉ።

ተጋጣሚዬ እውነት ይዞ ነው ወይስ እየሸወደኝ? በምን ልወቅ?

ወደ ኋላ ሂዱ። ፊቱን ከማየት ያለፉትን ተራዎች ማስታወስ ይሻላል። ካውንተርስፔል ይዞ ከሆነ ከሁለት ተራ በፊት ያወጣሁትን ትልቅ ክሪቸር ለምን አላከሸፈም? ከዚያ ወዲህ ስንት ካርድ ሳበ? ሁለት። ስለዚህ አለው ከተባለ ከነዚያ ሁለት አንዱ መሆን አለበት። እንዲህ ስትቆጥሩ ፍርሃቱ ራሱ ልክ ይይዛል። እውነተኛ ካርድ የያዘ ሰው ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ ይገጥማል። የሚሸውድ ሰው የትናንትናው ተራ ከዛሬው ጋር አይገጥምለትም።

ላንዱን እንዴት እንደሚከፍልም እዩ። አንድ ሰው ስፔል ሲያወጣ ሳያስብ ያገኘውን ላንድ ለክፍያ ካዞረ የሚጠብቀው ነገር የለም ማለት ነው። ቆም ብሎ መርጦ አንድ ፎረስትና አንድ ማውንቴን ያስቀረ ሰው ግን ለሁለቱም ቀለም ምክንያት አለው፣ ወይም ምክንያት እንዳለው እንድታስቡ ይፈልጋል። ሁለቱን ለመለየት ከዚያ ሰው ጋር ደጋግሞ መጫወት ብቻ ነው መንገዱ።

ብሉፍ ፈጽሞ የማይሠራው መቼ ነው?

ጀማሪ ላይ አይሠራም። ጃያንት ግሮውዝ የሚባል ካርድ መኖሩን የማያውቅ ልጅ 2/2ታችሁን በደስታ ያግዳል፣ ክሪቸራችሁም ይሞታል። ብሉፍ የሚሠራው የሚፈራውን በሚያውቅ ሰው ላይ ነው። መሸነፉ የቀረበ ሰውም አያምናችሁም፣ ማመን አያዋጣውም።

ስልክና ኮምፒዩተር ላይ ስጫወትስ?

ብሉፍ እዚያም አለ፣ ግን መልኩ ሌላ ነው። ማጂክ አሬና በሚባለው የጨዋታው ፕሮግራም ላይ ፊት የለም፣ እጅ የለም። ፕሮግራሙ ራሱ ያጋልጣችኋል። ተጋጣሚያችሁ አንድ ነገር ሲያደርግ የምትመልሱበት ካርድ ከሌላችሁ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቃችሁ ያልፋል፤ ካላችሁ ይቆምና ይጠብቃችኋል። ያቺ ትንሽ መቆም ለንቁ ተጋጣሚ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ፉል ኮንትሮል የሚባለውን ስታበሩ ግን ኖራችሁም አልኖራችሁም ይቆማል። አልፎ አልፎ ባዶ እጃችሁን አብሩት። አሬና ላይ ያለው ዋናው ብሉፍ ይሄ ነው፣ ሰዓትን ማስመሰል። እኔን ግን የጠረጴዛውን ያህል አያረካኝም፤ ካርድ ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ የለም።

የድሮ ተጫዋቾች «ድሮ ይሻል ነበር» ይላሉ። እውነት ነው?

እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ። ካርዶቹ አይሻሉም ነበር። የመጀመሪያው ስብስብ ሚዛኑ የተዛባ ነበር። አንድ ማውንቴን፣ አንድ ብላክ ሎተስ፣ ቻናልና ፋየርቦል የያዘ ሰው በመጀመሪያው ተራ ያሸንፋል። ሎተሷ 3 አረንጓዴ ማና ትሰጣለች፣ በ2ቱ ቻናል ይወጣል፣ ከዚያ በቻናሉ 19 የራሱን ሕይወት ወደ ማና ቀይሮ፣ ከሎተሷ የተረፈችውን አንድ ጨምሮ፣ ቀዩን ከማውንቴኑ ከፍሎ በፋየርቦሉ ልክ 20 ይመታል። ራሱ 1 ሕይወት ይዞ፣ ሌላው አንድ ካርድ እንኳ ሳያወጣ። መጀመሪያ ላይ የ4 ካርድ ገደብም አልነበረም። አንቴ የሚባል ሕግም ነበር፤ እያንዳንዱ ከዴኩ አንድ ካርድ አውጥቶ ያስይዛል፣ ያሸነፈ ሁለቱንም ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ባይመለስ አልከፋም።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው፣ አለማወቅ። ያኔ ምን ምን ካርድ እንዳለ ሙሉ ዝርዝር በእጁ ያለው ጥቂት ሰው ነበር። የትኛው ካርድ ብርቅ እንደሆነ እንኳ ካርዱ ላይ አይታይም፤ በቀለም የሚለይ ምልክት የመጣው በ1998 ኤግዞደስ ከሚባለው ስብስብ ጋር ነው። ካፊቴሪያው ውስጥ አዲስ ልጅ ሲቀመጥ ዴኩ ውስጥ ምንም ሊኖር ይችላል። አንድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሁላችንም ተነስተን ነበር የምናነበው። አንዱ ጓደኛዬ ስድስት ተራ ሙሉ ሁለት አይላንድ ሳይነካ ትቶ አስቀመጠኝ፣ እኔም ጥሩ ካርዴን ፈርቼ ያዝኩ። ሲያሸንፍ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ሦስት አይላንድ። ዴኩ ውስጥ አንድም ካውንተርስፔል አልነበረም፣ ገና አላገኘም ነበር።

ዛሬ ያ ብሉፍ አይሠራም። የውድድር አሸናፊዎች ዴክ ወዲያው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ሰው ያንኑ 60 ካርድ ይገዛና ይመጣል። ሦስተኛው ተራ ላይ ሁለት ላንዱን ካያችሁ የቀረውን ከሞላ ጎደል ታውቁታላችሁ። ብሉፍ አልሞተም፣ ጠበበ። ያኔ «ምን ዓይነት ካርድ ይሆን?» ብለን እንጠይቅ ነበር፣ አሁን «ከ4ቱ አንዱን ስቦ ይሆን?» ነው። የኋለኛው ሒሳብ ነው፣ ችሎታም ይጠይቃል። የመጀመሪያው ግን ልብ ያስመታ ነበር፣ እኔን የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

በ2009 የተቀየረው ሕግ ችሎታውን ቀነሰው?

ይሄ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ከ1999 እስከ 2009 ክሪቸሮች ሲጋጩ ምቱ መጀመሪያ «ይመዘገባል»፣ ከዚያ ከማረፉ በፊት ሌላ ነገር ማድረግ ይቻላል። ሞግ ፋናቲክ የሚባለውን ውሰዱ። 1/1 ነው፣ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ 1 ይመታል። በድሮው ሕግ 2/2 ያግዳል፣ የ1 ምቱ ይመዘገባል፣ ከማረፉ በፊት ራሱን ሠውቶ ሌላ 1 ይጨምራል፣ 2/2ቱ ይሞታል። ከ2009 በኋላ ሁለቱን ማግኘት አይቻልም፣ አንዱን መምረጥ ነው።

በፊት ያወቀ ሰው ካላወቀው ይበልጥ ነበር፣ ያ እውነት ነው። ግን አንዴ ከታወቀ ምንም ምርጫ የለውም፣ ሁሉም ያንኑ ያደርጋል። አሁን የፋናቲኩ ባለቤት መወሰን አለበት፣ ተጋጣሚውም ውሳኔውን መገመት አለበት። እኔ ለብሉፍ አዲሱ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ብዙ የድሮ ጓደኞቼ አይስማሙም።

የድሮውን ጨዋታ ዛሬ ለማግኘት ስንት ብር ያስፈልጋል?

እውነተኞቹን ካርዶች ከፈለጋችሁ ብዙ። በአልፋ፣ በመጀመሪያው ሕትመት ማለት ነው፣ ከእያንዳንዱ ብርቅ ካርድ የታተመው 1,100 ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2021 አንዲት ብላክ ሎተስ በ511,100 ዶላር ተሸጣለች። ድርጅቱ ደግሞ በ1996 ዳግም የማያትማቸውን ካርዶች ዝርዝር አውጥቷል፣ ሎተሷ እዚያ ውስጥ ናት። በ2022 ለ30ኛ ዓመቱ የድሮዎቹን ቅጂ በ4 ፓኬት፣ በ60 ካርድ፣ በ999 ዶላር ሸጠ፤ በውድድር ላይ የማይፈቀድ ካርድ ነው። ይሄን ዋጋ ሳይ አዘንኩ። የልጅነት ናፍቆት እንዲህ መሸጥ የለበትም።

ርካሹ መንገድ ግን አለ። ፖፐር የሚባለው አጨዋወት ተራ ካርዶችን ብቻ ይፈቅዳል፣ ካውንተርስፔልም እዚያ አለ። ፕሪሞደርን ከ1995 እስከ 2003 የታተሙትን ይወስዳል። ስዊድን ውስጥ የተጀመረው ኦልድ ስኩል ደግሞ የ1993 እና የ1994 ካርዶችን ብቻ። ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ከሆነ ቅጂ አትሙና ተጫወቱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ያን ያለማወቅ ስሜት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ምክር አለኝ። አንዳችሁ ለሌላው ሳያሳይ ከአሮጌ ካርድ ሳጥን ውስጥ ዴክ ይሥራ፣ ኢንተርኔት ሳይታይ። ከምንም በላይ ወደዚያ ካፊቴሪያ የመለሰኝ ይሄ ነው።

ልሸነፍ ነው። ብሉፍ ላድርግ ወይስ ካርድ ልጠብቅ?

መጀመሪያ «የማሸንፍበት መንገድ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ መንገዱ የተከፈተ ይመስል ተጫወቱ። በ2006 ሆኖሉሉ ላይ፣ በፕሮ ቱር ግማሽ ፍጻሜ፣ እንግሊዛዊው ክሬግ ጆንስ ከፈረንሳዩ ኦሊቪዬ ሩዌል ጋር ነበር። ጆንስ ሊሞት ነው። እጁ ላይ ቻር የሚባል ካርድ አለ፣ 4 ይመታል፣ ባለቤቱንም 2 ይመታል። ብዙ ሰው አንድ ክሪቸር ገድሎ አንድ ተራ ለመሰንበት ይሞክር ነበር። እሱ ሩዌልን ራሱን መታው፣ ለሩዌል 3 ሕይወት ቀረለት። ቀጥሎ የሳበው ላይትኒንግ ሄሊክስ ነበር፣ 3 የሚመታ። አዳራሹ ጮኸ። ካርዱ እስከ ዛሬ የ16 ሺህ ዶላሩ ሄሊክስ ይባላል።

ሁሉም የሚያስታውሰው መሳቡን ነው። እኔ ግን ከመሳቡ በፊት ያለውን ነው የማደንቀው። ቻሩን ክሪቸር ላይ አውሎት ቢሆን ሄሊክሱ መጥቶም አይበቃውም ነበር። ስለዚህ መልሴ፣ የምታሸንፉበት ካርድ ዴክ ውስጥ ካለ ለሱ ተዘጋጁ። ከሌለ ወይም ጊዜው ካልደረሰ ያኔ ብሉፍ አድርጉ፣ የምታጡት የለም።

ከአንድ ሰው ጋር ለዓመታት ስጫወት ብሉፌ ሁሉ ታወቀብኝ። ምን ላድርግ? ከጨዋታ በኋላስ እጄን ላሳይ?

ችግሩ ብሉፍ ማድረጋችሁ ሳይሆን ልማድ መያዛችሁ ነው። ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። ጃያንት ግሮውዝ ስትይዙ ብቻ የምታጠቁ ከሆነ ጓደኛችሁ መቼም አያግድም፣ ያኔ ብሉፍ ማድረግ በነጻ ነው። ሁልጊዜ ባዶ እጃችሁን የምታጠቁ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ያግዳል፣ ያኔ ካርዱን ስትይዙ 3/3ቱን ትበሉታላችሁ። ስለዚህ ቀላቅሉ። እውነተኛው ከሐሰቱ ይብዛ፣ ሐሰቱ ግን አይጥፋ። መቼ እንደምትሸውዱ ራሳችሁ አስቀድማችሁ ባታውቁት ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ሰው በሰዓቱ የሰከንድ ቆጣሪ ይወስናል።

ማሳየቱን በተመለከተ፣ ግዴታ የለባችሁም። ከሞርፍ በስተቀር እጃችሁን ለማንም አታሳዩም። ጀማሪ ከሆነ አሳዩት፣ ይማርበታል። ለዓመታት ከምታውቁት ሰው ጋር ግን የሚታወቀው ባነሰ ቁጥር ጨዋታው ይረዝማል።

ያ ሦስት አይላንድ ያሳየኝ ልጅ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ለገና ሲመጣ እንጫወታለን። ባለፈው በ2/2 አጠቃኝ፣ አንድ ፎረስት ክፍት ትቶ፣ አንድ ካርድ ይዞ። እኔ 3/3 ነበረኝ። አላገድኩም። ጨዋታው ሲያልቅ «ምን ነበር?» አልኩት። ካርዱን ዴኩ ውስጥ ከተተና መበወዝ ጀመረ።